ካሜራው አንድ፣ ሥራው ሁለት፦ በሠርግ ላይ ፎቶ ማንሳትና ቪዲዮ መቅረጽ የሚለያዩበት

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ «ላለፉት አራት ዓመታት የሠርግ ፎቶ ሳነሳ ቆይቻለሁ። ካሜራዬ 4ኬ ቪዲዮም ይቀርጻል። አሁን አሁን ሙሽሮች “ቪዲዮውንም አንተው ሥራልን” እያሉኝ ነው። ካሜራው ያው ከሆነ፣ ብርሃኑንም አቀማመጡንም የማውቀው ከሆነ፣ ከፎቶ ወደ ቪዲዮ ስሸጋገር በእርግጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ሁለቱንም ብቻዬን መያዝስ እችላለሁ?»

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። በአንድ ሠርግ ላይ ሁለቱንም ሥራዎች በሙሉ ኃላፊነት ብቻዎን ሊይዙ አይችሉም። ይህን የምለው ችሎታዎን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉዎት በዚያው ደቂቃ፣ ነገር ግን ለተለያየ ተግባር በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ጥሩ ፎቶ አንሺ ቪዲዮ ሲጀምር የሚሳሳተው ከማያውቀው ነገር ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ከሚያውቀውና እጁ ከለመደው ነገር የተነሳ ነው።

ግራ መጋባቱ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው። ሌንሳቸው የሚቀየር ዲጂታል የፎቶ ካሜራዎች ቪዲዮ መቅረጽ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ኒኮን ዲ90 በመጀመሪያ፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይፋ ሆኑ። ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺውና ቪዲዮ ቀራጩ የያዙት መሣሪያ ከሩቅ ስለሚለይ፣ ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ማንም አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ሁለቱም አንድ ዓይነት ካሜራ ይዘው ይቆማሉ፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ሰውየው እጅና አእምሮ ገብቷል።

ልዩነቶቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ ብዬ አምናለሁ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ሙሽራው ቀለበቱን በሙሽሪት ጣት ላይ ሲያጠልቅ ያስቡ። ፎቶ አንሺው በዚያች ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ውስጥ አሥራ አምስት ፎቶ ሊያነሳ ይችላል፤ ከእነዚያ አንዱ ቢሳካለት፣ ማለትም ቀለበቱ ጣቱ አጋማሽ ላይ ሆኖ የሁለቱም ፊት ቢታይ፣ ሥራው ተሠርቷል። የቀሩት አሥራ አራቱ ደብዛዛ ቢሆኑ፣ ዓይን የተጨፈነባቸው ቢሆኑ፣ ሙሽሮቹ መኖራቸውንም አያውቁም። ቪዲዮ ቀራጩ ግን ሙሽራው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት መቅረጽ ጀምሮ መሆን አለበት፤ ቀለበቱ ከገባ በኋላም ሁለቱ ቀና ብለው እስኪተያዩና ትንፋሻቸውን እስኪመልሱ ድረስ ካሜራውን ማንቀሳቀስ የለበትም። በመካከሉ የሚጣል ነገር የለም። ፎከሱ ለግማሽ ሰከንድ ቢስት ያ ግማሽ ሰከንድ የታሪኩ አካል ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የተነሳ የፎቶ አንሺዎች የመጀመሪያ የቪዲዮ ሥራ በአንድ ምልክት ይታወቃል፤ ክሊፖቹ አጫጭር ናቸው። ዓይናቸው ጥሩውን አቀማመጥ ባገኘ ቅጽበት «አገኘሁት» ብለው ወደ ሌላ ያልፋሉ፤ ክሊፑ የሚያልቀው ነገሩ ሊጀምር ሲል ነው። እንዲህ ያለውን ቀረጻ ኤዲት ለማድረግ የተቀመጠ ሰው የሚያስገባበትና የሚያወጣበት ቦታ ያጣል፤ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ለመሸጋገር ከፊትና ከኋላ ትርፍ ሰከንዶች ያስፈልጉታልና። ለጀማሪዎች የምሰጠው ትእዛዝ ቀላል ነው፦ አቀማመጡን ካገኙ በኋላ ካሜራውን ሳይነኩ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። አሥር ሰከንድ ፎቶ ለለመደ ሰው እንዴት እንደሚረዝም ሲሞክሩት ያዩታል።

ወደ ካሜራው ቅንብር ስንመጣ መጀመሪያ የሚያደናቅፍዎት የሹተር ፍጥነት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ርዝመት ነው። በፎቶ ሹተሩን እንደ እንቅስቃሴው ፍጥነት ይመርጣሉ፤ ሙሽሮቹ ሲራመዱ 1/250ኛ ሰከንድ፣ በጭፈራ ጊዜ ደግሞ 1/500ኛ ሰከንድ አድርገው እንቅስቃሴውን ያቆሙታል። በቪዲዮ ግን የሹተሩ ፍጥነት በሰከንድ ከሚቀረጸው የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት ጋር የተያያዘ ነው። የተለመደው ደንብ ሹተሩ የፍሬሙን ብዛት እጥፍ ይሁን የሚል ሲሆን፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀርጹ 1/50ኛ፣ በ50 ፍሬም ደግሞ 1/100ኛ ሰከንድ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ሲታይ እንቅስቃሴው ትንሽ የደበዘዘ ነው፤ ፍሬሞቹ ተከታትለው ሲሄዱ ለዓይን ልስልስ ያለ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ግን ይህ ድብዛዜ ነው። በ1/500ኛ ሰከንድ የተቀረጸ ጭፈራ እግርና እጅ እየቆራረጠ የሚዘል ይመስላል።

ሹተሩ በአንድ ቦታ ሲታሰር ብርሃንን የሚቆጣጠሩበት አንድ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 16 እና ሹተር 1/100ኛ ሰከንድ ትክክለኛ ብርሃን እንደሚሰጥ ከፎቶ ሥራዎ ያውቃሉ። በቪዲዮ ሹተሩን 1/50ኛ አድርገው፣ የጀርባውን ምስል ለማደብዘዝ አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 2.8 ቢከፍቱ፣ ወደ ሴንሰሩ (ምስሉን ወደሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የሚገባው ብርሃን ከሚፈለገው ስድስት ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል)፣ ማለትም 64 እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ሎግ በሚባለው፣ ቀለሙ በኋላ በኤዲት እንዲስተካከል ደብዘዝ አድርጎ በሚይዘው አቀራረጽ ከሠሩ፣ ብዙ ካሜራዎች ዝቅተኛውን አይኤስኦ ወደ 640 ወይም 800 ስለሚያወጡት ሦስት ስቶፕ ያህል ይጨመርበታል። ስለዚህ ከቤት ውጭ የሚቀርጽ ሰው ከሌንሱ ፊት የሚገጠም፣ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ሳይዝ ከቤት መውጣት የለበትም። በፎቶ ሥራ ፊልተሩ ዓመቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ በቪዲዮ ግን ያለ እርሱ ወይ ጀርባው ሁሉ ጥርት ብሎ የሚረብሽ፣ ወይ እንቅስቃሴው የሚቆራረጥ ምስል ይዘው ይመለሳሉ።

በአዳራሽ ውስጥ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። የኤሌክትሪኩ ሞገድ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ብዙ መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ፣ 60 ኸርዝ በሆነበት ደግሞ 120 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል። በመጀመሪያው ዓይነት አካባቢ 1/50ኛ ወይም 1/100ኛ ሰከንድ፣ በሁለተኛው 1/60ኛ ወይም 1/120ኛ ሰከንድ ቢያደርጉ ርግብግቡ ከሹተሩ ጋር ስለሚገጥም ምስሉ ይረጋጋል። ርካሽ ኤልኢዲ መብራቶችና የመድረክ ስክሪኖች የራሳቸው ርግብግብ ስላላቸው ለዚህ ደንብ ሁልጊዜ አይገዙም፤ ለእነርሱ ያለው መፍትሔ ቀደም ብሎ ሄዶ የሙከራ ቀረጻ ማድረግ ነው። ፎቶ አንሺው ከሃያ ፎቶ አምስቱ ጥቁር መስመር ቢያሳዩ አምስቱን ይጥላል፤ ቪዲዮ ቀራጩ ግን የቃል ኪዳኑን ንባብ ከነመስመሩ ለሙሽሮቹ ያስረክባል።

ፍላሽን በተመለከተ ለፎቶ አንሺ ደስ የማይል ነገር መናገር ይኖርብኛል። ለዓመታት የተማመኑበት ያ መሣሪያ በቪዲዮ ምንም አይጠቅምም፤ ብልጭታው ብዙውን ጊዜ ከ1/1000ኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃልና። እንዲያውም የጎን ፎቶ አንሺው ፍላሽ ለቪዲዮው ሳንካ ነው። የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሴንሰር ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ብልጭታው በንባቡ መካከል ሲመጣ የፍሬሙ ግማሽ ነጭ፣ ግማሹ ጨለማ ሆኖ ይቀረጻል። በእንዲህ ያለ ካሜራ ከኤዲት በፊት ይህን መከላከል የሚቻልበት ቴክኒካዊ ዘዴ የለም፤ የሚቻለው መነጋገር ብቻ ነው። በእኔ እምነት ቪዲዮ ቀራጭ ፎቶ አንሺውን «ፍላሽ አታብራ» የማለት መብት የለውም፤ ነገር ግን ቃል ኪዳኑ በሚነበብባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ባለው ብርሃን እንዲሠራ አስቀድሞ ቢጠይቀው ጨዋ ሰው እሺ ይላል።

በፍላሹ ምትክ የሚመጣው ሳያቋርጥ የሚበራ መብራት ነው፤ እርሱም የራሱ ጣጣ አለው። ፍላሽ ለቅጽበት አብርቶ ይጠፋል፤ የቪዲዮ መብራት ግን በእንግዶች ዓይን ላይ ሰዓታትን ያሳልፋል። ሰዎች በኃይለኛ መብራት ሥር እንደ ልባቸው አይጨፍሩም፣ አያለቅሱም፣ አይሳሳቁም። ስለዚህ መብራቱ በካሜራው ላይ ተገጥሞ ፊት ለፊት ከሚያፈጥ ይልቅ፣ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ከጎን ቢቀመጥና ኃይሉ ቢቀነስ ይመረጣል። ቀለሙም ከአዳራሹ ጋር መግባባት አለበት፤ ቢጫማው የአዳራሽ አምፖል ወደ 3200 ኬልቪን ሲጠጋ የቀን ብርሃን 5600 ገደማ በመሆኑ፣ ሁለቱ በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ አንደኛው ጉንጭ ብርቱካናማ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል።

ይህ የቀለም ጉዳይ በፎቶ ያን ያህል የማያስፈራበት ምክንያት ሮው የሚባለው የፎቶ ፋይል ነው። ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 16,384 የብርሃን ደረጃዎችን ስለሚይዝ፣ ዋይት ባላንሱ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው የቀለም ቅንብር) ቢስት ወይም ፎቶው ትንሽ ቢጨልም በኋላ ማስተካከል ይቻላል። የተለመደው ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው፤ ባለ 10 ቢቱ ደግሞ 1,024። ከዚያም በላይ፣ 4፡2፡0 በሚባለው አቀራረጽ የቀለሙ መረጃ የሚያዘው ለእያንዳንዱ አራት ፒክስል አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በቪዲዮ የነጩ ቀሚስ ዝርዝር በብርሃን ብዛት ከጠፋ የሚመለስ አይደለም። ዋይት ባላንሱም በአውቶማቲክ መተው የለበትም፤ ሙሽሪት ከመስኮቱ ወደ አዳራሹ መካከል ስትራመድ የቀሚሷ ቀለም በእርምጃዋ መካከል ሲለዋወጥ ይታያል፤ ያንን በኤዲት ለማረም የሚፈጀው ትዕግሥት ብዙ ነው። ካሜራዎ ባለ 10 ቢት ቪዲዮ የሚቀርጽ ከሆነ ይጠቀሙበት፤ ካልሆነ ከሎግ ይራቁና ቀለሙን በቦታው አስተካክለው ይቅረጹ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ ምስል ነው፤ ትልቁ ልዩነት ግን ድምፅ ነው። ፎቶ አይናገርም፣ ማንም ሰው እንዲናገርም አይጠብቅበትም። የሠርግ ቪዲዮ ግን ቃል ኪዳኑ ካልተሰማበት፣ የአባት ንግግር የአዳራሽ ማስተጋባት ብቻ ከሆነ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር የተቋረጠ ሥራ ነው። ተመልካች ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይቅር ይላል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ፈጽሞ አይታገሥም። ይህን የማያምን ሰው ሁለቱን ለወላጆች አሳይቶ ይሞክር።

በካሜራው ላይ ያለው ማይክ ለዚህ ሥራ የማይበቃበት ምክንያት ርቀት ነው። ግድግዳ በሌለበት ቦታ ከድምፁ ምንጭ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ኃይል በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የሳልና የወንበር ድምፅ ግን ለካሜራው ቅርብ ስለሆነ እንዳለ ይገባል። መፍትሔው ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ ነው። እኔ የምመርጠው በሙሽራው ኮት ደረት ላይ፣ ከአገጩ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ነው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ የሙሽሪትንም ድምፅ በበቂ ሁኔታ ይይዛል፤ የቀሚስ ጨርቅ ግን ከማይክ ጋር ሲታሽ የሚያሰማው ድምፅ የማይወገድ ነው። ገመድ አልባ ከሆነ ብዙዎቹ ርካሽ ማይኮች የሚሠሩት የእንግዶች ስልኮችና የአዳራሹ ዋይፋይ በሚጠቀሙበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ስለሆነ፣ በባዶ አዳራሽ የሠራው ማይክ እንግዶች ሲሞሉ ሊቆራረጥ ይችላል። ስለዚህ በኪስ ውስጥ ሆኖ ራሱ የሚቀዳ መቅጃ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የአዳራሹ ሚክሰር፣ ማለትም የማይኮቹን ድምፅ የሚያዋህደው መሣሪያ ነው። ከድምፅ ባለሙያው ገመድ መቀበል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሚክሰሩ የሚወጣው ድምፅ ከማይክ ከሚወጣው እጅግ ስለሚበልጥ፣ መቅጃዎ ሚክሰሩን እንደ ማይክ ከተቀበለው ድምፁ ተሰባብሮ ይቀዳል። የመቀበያውን ዓይነት አስቀድመው ይለዩ፤ ከፍተኛው ድምፅም መቅጃው ሊቀበለው ከሚችለው ጣሪያ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን ያስተካክሉ። ደግሞም የሚክሰሩ ገመድ የእንግዶቹን ሳቅና ጭብጨባ አይዝም፤ ስለዚህ የካሜራው ማይክ ደካማ ቢሆንም እንዲቀዳ ይተዉት፤ የአዳራሹን ሕይወት የሚሰጠውም፣ ሁለቱን ድምፆች ለማገጣጠም መለኪያ የሚሆነውም እርሱ ነው። ሲያገጣጥሙ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከ14 ሜትር ርቀት የሚቀርጽ ካሜራ ጭብጨባውን የሚሰማው በ25 ፍሬም ስሌት አንድ ፍሬም ያህል ዘግይቶ ነው። በአዳራሹ ጫፍ ቆመው ከንፈርና ድምፅ አልገጥም ብሎ የቸገራቸው ብዙዎች መቅጃቸውን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው።

ፎቶ አንሺነትዎ ያስተማረዎት የአካል እንቅስቃሴም መለወጥ አለበት። ፎቶ አንሺ በጭፈራው መካከል ይሽከረከራል፣ ይቀመጣል፣ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ካሜራውን ወደ ቁም ያዞራል። ቪዲዮ ቀራጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲንቀሳቀስም በዝግታና በዓላማ ነው፤ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ)፣ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር) ወይም ጊምባል (በእጅ ተይዞ የካሜራውን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መያዣ) የሚይዘው ለዚህ ነው። ለሠርግ የምመክረው ሞኖፖድን ነው፤ ትራይፖድ ቦታ ይይዛል፣ ጊምባል ደግሞ ጀማሪውን ያለ ምክንያት እንዲዞር ይፈታተነዋል። በሁለት ካሜራ ሲቀረጽም ሁለቱ ካሜራዎች ሙሽሮቹን ከሚያገናኘው መስመር በአንድ ወገን መቆም አለባቸው፤ አንዱ ወደ ማዶ ከተሻገረ በኤዲት ጊዜ ሙሽራውና ሙሽሪት ፊት ለፊት ከመተያየት ይልቅ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመለከቱ ይመስላሉ። ፎቶ አንሺ ለዚህ ደንብ አንድም ቀን ተጨንቆ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው ስለሚቆም።

ስለ ሌንስ ብዙ የምለው የለኝም፤ ያለዎት ይበቃል። አፐርቸሩን ግን እንደ ፎቶው እስከ ኤፍ 1.4 አይክፈቱ፤ ሰው ግማሽ እርምጃ ሲራመድ ፎከሱ ይጠፋልና ከኤፍ 2.8 እስከ ኤፍ 4 ባለው ይሥሩ።

ከሰዎች ጋር ያለውም ግንኙነት ይለያያል። ፎቶ አንሺ ያዛል፦ «ወዲህ ይመልከቱ፣ ትከሻዎን ዝቅ፣ አሁን ፈገግ።» የቤተሰብ ፎቶ ያለዚህ ትእዛዝ አይሠራም። በቪዲዮ ግን ይህ ድምፅ ይቀረጻል፤ ሌንሱን የሚያፈጥ ዓይንም ትዕይንቱን ያፈርሰዋል። ሰላሳ ሰው ተደርድሮ የቆመበት ምስል ለፎቶው የቀኑ ዋና ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ለቪዲዮው ግን የማይንቀሳቀስ ሰልፍ ነው። ቪዲዮው የሚፈልገው ከሰልፉ በፊትና በኋላ ያለውን ነው፦ አያትየው ወንበር ፍለጋ ሲመለከቱ፣ ሚዜው የሙሽራውን ክራባት ሲያስተካክል፣ ሕፃኑ ሊሮጥ ሲል እናቱ እጁን ስትይዘው። ሁለቱንም በአንድ እጅ መሥራት የማይቻለው በተለይ እዚህ ላይ ነው፤ እያዘዟቸው ያሉ ሰዎችን በዚያው ጊዜ እንዳልታዘዙ አድርጎ መቅረጽ አይቻልም።

የማከማቻው ስሌት ለብዙዎች ድንገተኛ ነው። አንድ ሮው ፎቶ 30 ሜጋ ባይት ቢመዝን 2,000 ፎቶ 60 ጊጋ ባይት ይሆናል፤ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ ግን በአንድ ሰዓት ብቻ 45 ጊጋ ባይት ይሞላል። እዚህ ላይ ሜጋ ቢትንና ሜጋ ባይትን አያምታቱ፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነውና 400 ሜጋ ቢት የሚጽፍ ካሜራ በሰከንድ 50 ሜጋ ባይት የሚቀበል ካርድ ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ ቪ30 የተጻፈበት ካርድ ዋስትና የሚሰጠው 30 ሜጋ ባይት ብቻ በመሆኑ ቪ60 ይግዙ። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በኋላ ቀረጻውን ራሳቸው ያቋርጣሉ፤ ሌሎች በሙቀት ይጠፋሉ። ካሜራዎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሠርጉ ሳይደርስ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀርጸው ይወቁ።

የራሴን ስህተት ልጨምር፤ ፎቶ አንሺ ሆኜ ወደ ቪዲዮ በገባሁበት ጊዜ የደረሰ ነው። የመቅረጫውን ቁልፍ ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ነክቼው ኖሮ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተገላበጠ፤ «ጀምር» ስል እያቆምኩ፣ «አቁም» ስል እየጀመርኩ ቆየሁ። ማታ ስከፍተው የራሴ ጫማ፣ የአዳራሹ ምንጣፍና የወንበር እግሮች በጥሩ ፎከስ ተቀርጸው ነበር፤ የሙሽራው እናት ሙሽሪትን ስትቀበል ግን አልነበረም። ፎቶ ሲነሳ ቁልፉ ላይ ያለው ጣት ሥራው መሠራቱን ወዲያው ያውቃል፤ በቪዲዮ ግን ቀዩን ምልክት በዓይን ማየት ግዴታ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ቁልፉን በነካሁ ቁጥር ሰከንዱ መቁጠሩን ሳላይ ዓይኔን አላነሳም።

ብዙ ሰዎች «ከ4ኬ ቪዲዮ ፎቶ እየቆረጥኩ ባወጣስ?» ይሉኛል። የ4ኬ ፍሬም 3840 በ2160 ፒክስል፣ ማለትም 8.3 ሜጋ ፒክስል ገደማ ነው፤ በ300 ነጥብ ለአንድ ኢንች ሲታተም ስፋቱ 32 ሴንቲ ሜትር ይደርሳልና ለአልበም መጠኑ አያንስም። የሚያንሰው ሌላው ነው። በ1/50ኛ ሰከንድ የተቀረጸ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የደበዘዘ ነው፤ ቀለሙ የተጨመቀ ነው፤ ቅርጹም 16 በ9 ስለሆነ ቁም ፎቶ ሲቆርጡበት ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ሹተሩን ለፎቶው ሲሉ ቢያፈጥኑት ደግሞ ቪዲዮውን ያበላሹታል። አንድ ሁለት ፎቶ በችግር ጊዜ ያድናል፤ አልበም ግን አይሠራም።

ከሠርጉ በኋላ ያለውን ሥራ ዋጋ ሲተምኑ እንዳይረሱት። ፎቶ በዓይን ጠቅሰው ያልፋሉ፤ አንድ ሺህ ፎቶ በአንድ ምሽት መለየት ይቻላል። የስድስት ሰዓት ቀረጻ ግን በስድስት ሰዓት ነው የሚታየው፤ ድምፁን ማገጣጠም፣ ቀለሙን ማመሳሰል፣ ንግግሮቹን መምረጥ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሚጨምሩበት ሙዚቃም የሰው ንብረት ነው፤ ፈቃድ የሌለው ሙዚቃ ያለበት ቪዲዮ በማኅበራዊ ድረ ገጾች ላይ ድምፁ ሊዘጋ ወይም ጭራሹን ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ ሙሽሮቹ «ሁለቱንም» ሲሉዎት ምን ይመልሱ? ከሁሉ የሚሻለው ቪዲዮ የሚሠራ ባልደረባ ይዞ መቅረብ ነው። አቅማቸው ካልፈቀደ ደግሞ በሐቅ ሊሸጡት የሚችሉት ሌላ ነገር አለ፦ አንድ ካሜራ ከፍ ባለ ትራይፖድ ላይ ሰፊውን ትዕይንት ይዞ ሥነ ሥርዓቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቅረጽ፣ በሙሽራው ደረት ላይ መቅጃ ይኑር፣ እርስዎ ግን በሁለተኛው ካሜራ ፎቶዎን ያንሱ። በውሉ ላይ «የሥነ ሥርዓቱ ሙሉ ቀረጻ» ብለው ይጻፉት እንጂ «የሠርግ ፊልም» አይበሉት፤ የሚጠብቁት ሌላ፣ የሚያገኙት ሌላ እንዳይሆን። የሹተርዎ ድምፅ በመቅጃው እንዳይገባ ከሙሽሮቹ ራቅ ይበሉ፤ ድምፅ አልባውን ሹተር ከተጠቀሙ ግን ከላይ ያልኩት የመብራት መስመር በፎቶዎ ላይ ስለሚብስ መጀመሪያ ይሞክሩት።

ባልደረባ ካገኙ ደግሞ ሥነ ሥርዓቱ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ አብረው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ይቁሙ። ሙሽሮቹ ሲገቡ መካከሉን መንገድ ማን እንደሚይዝና ማን ከጎን እንደሚቆም፣ ፍላሹ የሚጠፋው ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ የቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ ቪዲዮው ከየትኛው ማዕዘን እንደሚቀርጽ፣ እርስዎ በስህተት ፊቱ ከቆሙበት በምን ምልክት እንደሚነግርዎ ይስማሙ። እኔና አብሮኝ የሚሠራው ሰው የምንጠቀምበት ምልክት ክርንን በቀስታ መንካት ነው፤ ማይኩ ስለሚሰማ ቃል አንለዋወጥም።